የሱስ ሕክምናን ከመማሪያ ክፍል ወደ ሕሙማን አልጋ ማውረድ፦ ለሕክምና መምህራን ዝርዝር መመሪያ

በመሀል አዲስ አበባ ካሉት የማስተማሪያ ሆስፒታሎች በአንዱ የውስጥ ደዌ ክፍል ገብታችሁ ተማሪዎች የጻፉትን የሕሙማን ታሪክ ብታገላብጡ፣ ስለ መጠጥ በሚናገረው መስመር ላይ ሁለት ቃል ብቻ ደጋግሞ ይገጥማችኋል፦ «ሶሻል ድሪንከር»፤ ለጨዋታ ያህል የሚጠጣ ለማለት ነው። ምን ይጠጣል? ስንት ይጠጣል? ለመጨረሻ ጊዜ የጠጣው መቼ ነው? መልስ የለም። ይኸው ተማሪ የታካሚውን ሶዲየምና ፖታሲየም እስከ ነጥቧ ድረስ ጽፎታል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ፖታሲየሙን ሳይጽፍ ቢመጣ የሚቆጣው መምህር አለ፤ የብርሌውን ቁጥር ባለመጠየቁ የተቆጣው መምህር ግን የለም።

ይህ መመሪያ ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎችና ለኮርስ አስተባባሪዎች ቢሆንም፣ ማንንም ሳይጠብቅ በራሱ ተራ ጉብኝት ላይ መጀመር ለሚፈልግ መምህርም ይሆናል። አዲስ ኮርስ ክፈቱ አልልም። አዲስ ኮርስ ይከፈት ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ጉዳዩ ከኮሚቴ ኮሚቴ ሲንከባለል የዘንድሮው ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል። ሱስ የአእምሮ ሕክምና ክፍል የግል ርስት ሆኖ መቅረቱ ነው ዋናው ችግር። ታካሚዎቹ የተኙት በቀዶ ሕክምና፣ በአጥንት፣ በውስጥ ደዌ፣ በድንገተኛና በእናቶች ክፍል ነው። ትምህርቱም ወደዚያው መሄድ አለበት።

ደረጃ 1፦ ያለውን ቁጠሩ

ለክርክር ከመቀመጣችሁ በፊት ማስረጃ ያዙ። ከውስጥ ደዌ 20፣ ከቀዶ ሕክምናና ከአጥንት ክፍል 20 የተኝቶ ታካሚ ካርድ ያለ ምርጫ አውጡና አራት ነገር ብቻ መዝግቡ፦ የመጠጡ ዓይነትና መጠን ተጽፏል ወይ? ለመጨረሻ ጊዜ የተወሰደበት ሰዓት ተጽፏል ወይ? ጫት ተጠይቋል ወይ? መጠኑ አሳሳቢ ሆኖ ከተገኘስ የተደረገ ነገር አለ ወይ? ሥራውን ለኢንተርኖች ስጡት፤ አስፈላጊውን ፈቃድም ቀድማችሁ አስጨርሱ። የታካሚ ስም አይመዘገብም። ውጤቱን በጠዋቱ ስብሰባ ላይ በአንድ ስላይድ አሳዩ፤ የማንም ሐኪም ስም አይነሣ። ቅጹን አትጣሉት፤ ከዓመት በኋላ በዚያው ቅጽ ደግማችሁ ትቆጥራላችሁ።

ደረጃ 2፦ ሲመረቅ ምን መሥራት እንዳለበት በአንድ ገጽ ጻፉ

«የሱስን ምንነት ያብራራል» የሚል ዓላማ አትጻፉ፤ ማብራራት ማንንም አላዳነም። በሥራ የሚታይ ነገር ይሁን። ተመራቂው ሐኪም የመጠጥና የጫት ታሪክን በቁጥር ይወስዳል፤ በመጠይቅ ይለያል፤ በአምስት ደቂቃ ያነጋግራል፤ መጠጥ በድንገት ያቆመን ታካሚ ይጠብቃል፣ ያክማል፤ እንደ ሞርፊን ባለ ኦፒዮይድ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ትንፋሹ የደከመን ታካሚ ማርከሻው በሆነው ናሎክሶን ይመልሳል፤ ከአቅሙ በላይ የሆነውን ወዴት እንደሚልክ ያውቃል። ከዚህ በላይ ከጨመራችሁ ገጹ ይረዝማል፤ የሚያነበውም ይጠፋል።

ከዚያ በየክፍሉ አከፋፍሉት። ፋርማኮሎጂ አልኮል ጋባና ግሉታሜት በተባሉት የአንጎል መልእክተኞች ላይ የሚያደርገውን ያስተምር። ባዮኬሚስትሪ ቲያሚንን (ቫይታሚን ቢ1ን) ከግሉኮስ ጋር አያይዞ ያቅርብ። የማኅበረሰብ ጤና ክፍል አዋጅ ቁጥር 1112/2011ን ያንሣ፤ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው አልኮል እንዳይሸጥ የከለከለውና የአልኮል ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣው እሱ ነው። የሕፃናት ክፍል በፒያሳና በስታዲየም አካባቢ ማስቲሽ የሚያሸቱትን የጎዳና ልጆች አይርሳ። የማህፀንና ጽንስ ክፍል በቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ ስለ መጠጥም ስለ ጫትም ያስጠይቅ፤ «ጠላ ወተት ያመጣል» የተባለች እናት ስትመጣ ተማሪው የሚመልሰው ነገር ይኑረው።

ደረጃ 3፦ ብርሌውን ለኩት

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ብዙዎቻችን የምንሰናከለው እዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው «ኦዲት» የሚባለው መጠይቅ 10 ጥያቄዎች አሉት፤ ከፍተኛው ውጤት 40 ነው። ሁለተኛው ጥያቄ «በሚጠጡበት ቀን ስንት መጠጥ ይጠጣሉ?» ይላል። ስንት ምን? መጠይቁ የሚያስበው 10 ግራም ንጹሕ አልኮል የያዘ መጠጥን ነው። የእኛ ታካሚ ደግሞ በብርሌ፣ በመለኪያ፣ በጣሳ፣ በጃምቦ ይናገራል። ተማሪው «ሦስት» ብሎ ሲጽፍ ሦስት ጣሳ ጠላ ይሁን ሦስት መለኪያ አረቄ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ለልኬት መድቡ። ተማሪዎቹ ከየሰፈራቸው ብርሌ፣ መለኪያ፣ ጣሳና የጃምቦ ብርጭቆ ይዘው ይምጡ። በውኃ ይሙሉና በላቦራቶሪ መስፈሪያ ሲሊንደር ይለኩ። አንዱ ብርሌ ከሌላው እንደማይመሳሰል ያን ጊዜ ይገባቸዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፦ መጠኑ በሚሊ ሊትር፣ ሲባዛ በአልኮል መቶኛ፣ ሲባዛ በ0.79፣ ሲካፈል ለ100። 330 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ባለ 5 በመቶ ቢራ 13 ግራም ትሆናለች፤ አንድ ጠርሙስ የመጠይቁ አንድ መጠጥ ከሲሶ ገደማ ነው ማለት ነው። 50 ሚሊ ሊትር የሚይዝ መለኪያ አረቄው 40 በመቶ ቢሆን 16 ግራም ገደማ ይመጣል። በእጅ ውስጥ ጠፍታ የምትቀረው መለኪያ ከቢራው ጠርሙስ በላይ አልኮል መያዟን ተማሪው በራሱ እርሳስ ሲያሰላ ማየት ከማንኛውም ሌክቸር ይበልጣል።

የቤት ጠላና ጠጅ ብርታት ግን እንደ ጠማቂው ይለያያል። በጠጅ ውስጥ የቀረው ማር ንባቡን ስለሚያዛባው ሃይድሮሜትር ነክሮ ማንበብ አያዋጣም፤ መጀመሪያ ማንጠር ያስፈልጋል። አራት ኪሎ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ትምህርት ክፍል ከጥቁር አንበሳ ሩቅ አይደለም። ከሰፈር ጠጅ ቤቶች የተወሰደ ናሙናን አንጥሮ መለካት ለኬሚስትሪ ተማሪዎች ጥሩ የልምምድ ሥራ ነው፤ ለእናንተም በክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የመለወጫ ሠንጠረዥ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ መጠየቅን አለማምዱ

«ይጠጣሉ?» ተብሎ የተጠየቀ ሽማግሌ መልሱ «ኧረ የለም ልጄ» ነው። በተለይ አጠገቡ ልጁ ወይም የንስሐ አባቱ ቆመው ከሆነ። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ከጥያቄው በፊት ይመጣል፤ አስታማሚውን በአክብሮት «እስኪ ሻይ ጠጥተው ይምጡ» ብሎ ማስወጣት። ቀጥሎ ተማሪዎችን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ አስቀምጡና አንዱ ታካሚ፣ ሌላው ሐኪም ይሁን። እንዲህ ያለ ንግግር እስኪለምዱ ድረስ ይደጋግሙት፦

«አባባ፣ ከጠላ፣ ከጠጅ፣ ከቢራ፣ ከአረቄ የትኛው ይስማማዎታል?»

«አረቄ ይሻለኛል፤ ሌላው ሆዴን ይነፋኛል።»

«በቀን ስንት መለኪያ ይሆናል? ስምንት፣ ዘጠኝ?»

«ኧረ አይደርስም! አምስት ብትሆን ነው።»

«ጠዋት ሲነሡ እጅዎን ያንቀጠቅጥዎታል?»

«አንዷን እስክል ድረስ ነዋ።»

ተማሪው ቁጥሩን ከፍ አድርጎ መጀመሩን አስተውሉ። ታካሚው ወደ ታች መደራደር ይቀለዋል፤ እውነቱም በዚያ ይወጣል። ጠላ የሚጠምቁ፣ አረቄ የሚያወጡ እናቶችን ደግሞ በሌላ በር ግቡ፤ «ሲቀምሱ በቀን ስንት ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ «ይጠጣሉ?» ከሚለው የተሻለ መልስ ያመጣል።

በየትኛውም የውጭ መጠይቅ ውስጥ የሌለ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «በሁዳዴ ያቆማሉ?» በየዓመቱ 55 ቀን የሚቆይ ጾም በታሪክ አወሳሰድ ላይ ትልቅ መሣሪያ ነው። ያለ ችግር አቁሞ የሚከርም አለ። ሊያቆም ፈልጎ ያልቻለ አለ። ሦስተኛው ግን «ዓምና የጾሙ መግቢያ ላይ አቁሜ በሁለተኛው ቀን ጣለኝ» ይላችኋል። ይህ ሰው ያለ ሕክምና ክትትል መጠጥ ማቆም የለበትም፤ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስም የነገራችሁ ከመጠጥ ማቆም የሚመጣ የሚጥል ሕመም እንደሆነ ቁጠሩት። ለሙስሊም ጫት ቃሚም ረመዳን እንዲሁ ነው፤ በርጫው ከቀን ወደ ሌሊት ይዛወር ወይስ ይቋረጥ እንደሆነ ጠይቁ።

የኦዲት ውጤት ከ8 እስከ 15 ከሆነ አጭር ምክር፣ ከ16 እስከ 19 ከሆነ ምክርና ክትትል፣ 20ና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ባለሙያ መላክ ነው ደንቡ። ምክር ስንል ተማሪዎቻችን ተግሣጽ ይመስላቸዋል። «ጉበትዎ አልቋል፣ ልጆችዎን አያስቡም?» የሚል ኢንተርን ታካሚው እንዳይመለስ አድርጎ ይሸኘዋል። ዊልያም ሚለር በ1983 ያስተዋወቀውና ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ያዳበረው ውስጣዊ ፍላጎትን የሚቀሰቅስ አነጋገር መሠረቱ ቀላል ነው፦ ታካሚው ራሱ ለመለወጥ የሚያነሣውን ምክንያት አዳምጦ መልሶ ማሰማት። ተማሪው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ታካሚው «እኔም እኮ ልቀንስ ብዬ ነበር» እንዲል ካደረገ ሥራውን ሠርቷል።

ደረጃ 5፦ ጫትን ከመጠጡ አትለዩት

ከምዕራቡ ዓለም የተቀዳ የሱስ ትምህርት ጫትን በአንድ አንቀጽ ያልፈዋል። የእኛ ተማሪ ሰንሰለቱን ማወቅ አለበት። ከምሳ በኋላ በርጫ ይጀመራል፤ ምርቃናው ይመጣል፤ ሲመሽ እንቅልፍ እምቢ ይላል፤ ያን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል፤ እሱም መጠጥ ነው። አንዳንዱ የእንቅልፍ ኪኒን ይጨምርበታል። በማግስቱ ሐራራ ቀስቅሶ ወደዚያው ይመልሰዋል። ስለ ጫት ብቻ የጠየቀ ሐኪም ግማሹን አላየም።

ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር ቅጠሉ ሲደርቅ ስለሚደክም ነው ጫት በኮባ ተጠቅልሎ ትኩሱን የሚሸጠው። የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል፣ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ሆድ ያደርቃል። ታካሚው መጠኑን አብዛኛውን ጊዜ በብር ይነግራችኋል፤ ዋጋው ደግሞ እንደ ወቅቱና እንደ ዓይነቱ ስለሚለዋወጥ ብሩን ወደ እስር እንዲለውጥላችሁ አድርጉ። ሲያቆም ስለሚመጣው ድካምና ድብርት ብቻ ሳይሆን ስለ ዱካክም ጠይቁ። በሌሊት አንድ ነገር ደረቱ ላይ ተቀምጦ እንዳነቀው የሚነግራችሁን ሰው «የሥነ ልቦና ቀውስ» ብላችሁ ከመላካችሁ በፊት ጫት ያቆመው መቼ እንደሆነ ይታወቅ።

ደረጃ 6፦ ሦስተኛውን ሌሊት አስተምሩ

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለመተግበር ጊዜ ቢኖራችሁ ይህን ምረጡ። በመኪና አደጋ እግሩ የተሰበረ ሰው አጥንት ክፍል ይተኛል። የመጀመሪያው ቀን ሰላም ነው። በሁለተኛው ቀን ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይፈጥናል፤ «ሕመሙ ነው» ይባላል። በሦስተኛው ሌሊት ግድግዳው ላይ ተባይ ያያል፣ ግሉኮሱን ይነቅላል፣ ሱቄን ልክፈት ብሎ ይነሣል። እጁ በፋሻ ከአልጋው ጋር ይታሰራል፤ ሃሎፔሪዶል የተባለ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ይወጋል፤ ቤተሰቡ ለሲቲ ስካን ገንዘብ ፍለጋ ይበተናል። ስንት ቀን ሳይጠጣ እንደቆየ የጠየቀ የለም።

የጊዜ ሰሌዳውን ተማሪው በቃሉ ይያዝ። መንቀጥቀጡ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ይጀምራል፤ የሚጥል ሕመሙ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ውስጥ ይመጣል፤ አእምሮን የሚያስተው ዲሊሪየም ትሬመንስ ደግሞ ከ48 እስከ 96 ሰዓት። አጥንት ክፍል የተኛ ሰው ቀዶ ሕክምናውን የሚጠብቅበት ጊዜ ከዚህ ጋር ይገጥማል። ሃሎፔሪዶል ብቻውን መፍትሔ አይደለም፤ እንዲያውም ለሚጥል ሕመም ያጋልጣል። ዋናው መድኃኒት ቤንዞዲያዜፒን የተባለው የማረጋጊያ መድኃኒቶች ቤተሰብ ነው፤ በእኛ ሀገር በቅርብ የሚገኘው ዲያዜፓም ነው። ጉበቱ ለተጎዳ ሎራዜፓም ይመረጣል፤ ከሌለ ዲያዜፓሙን በትንሽ በትንሹ፣ ትንፋሹን እየተከታተሉ መስጠት ነው። በራስ ላይ የደረሰ ጉዳት ካለ ሁለቱንም ያስቡ፤ ሲቲውም መድኃኒቱም ያስፈልግ ይሆናል።

የመድኃኒቱን መጠን ለመወሰን «ሲዋ» የተባለውን፣ መጠጥ ሲቆም የሚመጡ 10 ምልክቶችን የሚመዝን መመዘኛ አለማምዱ። የውጤቱ ጣሪያ 67 ነው፤ ብዙ ፕሮቶኮሎች ከ8 በታች ለሆነ ውጤት መድኃኒት አይሰጡም። ነገር ግን መመዘኛው ታካሚው መናገር መቻሉን ይጠይቃል፤ ራሱን ለሳተ ሰው አይሠራም። ልምምዱን ከነርስ ተማሪዎች ጋር በአንድ ላይ አድርጉት። በሌሊት ታካሚውን የሚያየው ነርሱ ነው፤ ሐኪሙ ብቻ የሚያውቀው መመዘኛ በሌሊት ዋጋ የለውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቲያሚን ነው። በድንገተኛ ክፍል ራሱን የሳተ ሰው ሲመጣ 40 በመቶ ግሉኮስ መግፋት ልማዳችን ነው። የደም ስኳሩ የወረደ ሰው ግሉኮሱን ሊከለከል አይገባም። ምግብ የተወ ጠጪ ከሆነ ግን ቲያሚኑ ቀድሞ ወይም አብሮ መሰጠት አለበት፤ አለበለዚያ ቨርኒኬ የሚባለውን የአንጎል ጉዳት ልናባብስ እንችላለን። ግራ መጋባት፣ የአካሄድ መንገዳገድ፣ የዓይን እንቅስቃሴ መታወክ ሦስቱ ምልክቶች ናቸው፤ ሦስቱ በአንድ ላይ እስኪታዩ የሚጠብቅ ሐኪም ብዙ ጊዜ ይዘገያል። በመርፌ የሚሰጠው ቲያሚን በግቢው ፋርማሲ መኖሩን በየወሩ የሚያጣራ አንድ ረዚደንት መድቡ። ትምህርቱ ተሰጥቶ መድኃኒቱ ከሌለ ተማሪው የሚማረው ተስፋ መቁረጥን ነው።

ስለ ኦፒዮይድ ሱስ የሚሰጠው ሰዓት ሊያጥር ይችላል፤ አይቅር እንጂ። ይህ ሱስ የሚታከምባቸው ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን ከ2005 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። ፔቲዲንና ትራማዶል የተባሉት ኦፒዮይዶች ደግሞ ቁልፉ በእጃችን ያለ መድኃኒት ናቸው፤ ተጠቂው አንዳንዴ የሥራ ባልደረባችን ይሆናል።

ደረጃ 7፦ ከግቢ አውጧቸው

ከመርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በታክሲ የሚደረስበት ነው። ተማሪው በሆስፒታል ልምምዱ (በአታችመንቱ) ወቅት ቢያንስ አንድ ታካሚን ከገባበት እስከሚወጣበት ይከታተል፤ ብዙዎቻችን ጠጪ ሰው ሲወድቅ እንጂ ሲድን አይተን አናውቅም። ከሱስ ያገገመ ሰውም ክፍል ድረስ ጋብዙ፤ የትራንስፖርት ወጪውን ክፈሉ፤ የሚናገረውን አስቀድማችሁ አትጻፉለት። ተማሪዎች «ሐኪም ምን ቢልዎት ይሻል ነበር?» ብለው እንዲጠይቁ አድርጉ።

ጠበልንም አትዝለሉ። ታካሚዎቻችን ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሄደው ይሆናል። እዚያ በዕለቱ መጠጥ ይቆማል፤ በማግስቱ የሚጥል ሕመም ቢመጣ ርኩስ መንፈስ ሲለቅ ነው ሊባል ይችላል። በዚህ ላይ መሳለቅ ታካሚውንም ቤተሰቡንም ያርቃል። ተማሪው «ጠበሉን አይተዉ፤ ግን በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ይህን መድኃኒት ይዘው ከሰው ጋር ይሁኑ፤ ከጣለዎት ወዲያው ይምጡ» ማለትን ይልመድ። ይህም ቢሆን ቀድሞ ጥሎት ለማያውቅ፣ ከባድ ምልክት ለሌለበት ሰው ነው፤ ሌላው ሆስፒታል ተኝቶ ማቆም አለበት።

ደረጃ 8፦ ተማሪው ራሱስ?

በፈተና ሰሞን በየግቢው ዙሪያ ያሉ ጫት ቤቶች ማንን እንደሚያስተናግዱ ሁላችንም እናውቃለን። «ያለ ጫት ጥናት አይገባኝም» የሚል ተማሪ ነገ ስለ ጫት ታካሚ ሲያነጋግር ወይ ያቃልለዋል ወይ ያፍራል። የሚረዳው ሰው ግን ፈታኙ መሆን የለበትም። ነጥብ የሚሰጥ መምህር በሩን ቢከፍት ማንም አይገባም። ከሌላ ትምህርት ክፍል ወይም ከግቢው ውጭ አንድ አማካሪ ይመደብ፤ መዝገቡ ወደ ዲኑ ቢሮ እንደማይሄድ በጽሑፍ ይነገር። የማይሸፈነውም አብሮ ይነገር፤ በሥራ ሰዓት ሰክሮ ታካሚ የሚነካ ሰው ጉዳይ በምሥጢር አይያዝም።

ደረጃ 9፦ ፈትኑት

የማይፈተን ነገር አይጠናም። በተግባር ፈተናው ላይ ሁለት ጣቢያ ጨምሩ። በአንደኛው «ታካሚ» ሆኖ የተቀመጠ ተዋናይ ይኑር፤ ተማሪው በሰባት ደቂቃ የመጠጥና የጫት ታሪክ በቁጥር ወስዶ አጭር ምክር ይስጥ። ከነጥቡ ሲሶው በአነጋገሩ ላይ ይሁን፤ የሚሰጠውም ፈታኙ ብቻ ሳይሆን ተዋናዩም ይሁን። ለተዋናይነት ከቲያትር ጥበባት ተማሪዎች ጋር ብትነጋገሩ ስድስት ኪሎ ቅርብ ነው። በሁለተኛው ጣቢያ የአጥንት ክፍሉ ታካሚ የሦስተኛ ሌሊት ካርድ ይቅረብ፤ ተማሪው ትእዛዝ ይጻፍ። ቤንዞዲያዜፒን ያልጻፈ፣ ወይም ግሉኮስ ጽፎ ቲያሚን የረሳ ጣቢያውን ይወድቃል፤ በሌላ ጣቢያ ነጥብም አይካካስለትም። የመጀመሪያው ዓመት ብዙ ተማሪ ይወድቅና አቤቱታ ይመጣል። የማለፊያ ነጥቡን አትቀንሱ፤ የመልመጃ ሰዓቱን ጨምሩና በሁለት ሳምንት ውስጥ ድጋሚ ፈትኗቸው።